መጋረጃው የሚጋርደን ከማን ነው?

ዛሬ የሰሞኑን ወሬ ለሌላ ቀን አቆይተን ወደ ቤታችሁ ልንገባ ነው፤ በበር ሳይሆን በመስኮት። አትደንግጡ፣ ዕቃ አንነካም። ማየት የፈለግነው መስኮቱንና መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ነገር ብቻ ነው።

ቤት የቀየረ ወዳጅ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ቀለም ተቀብቶ፣ አምፖል ተሰቅሎ፣ ሶፋው ገብቶ ሲያበቃ አንድ ክርክር ይነሳል፤ መጋረጃው ምን ይሁን? አንዱ ‹‹ከሶፋው ጋር ይሂድ›› ይላል። ሌላው ‹‹መጋረጃ ድሮ ቀረ፣ አሁን ሮለር ነው›› ይላል። እናት ደግሞ ከሳጥን ውስጥ ለዓመታት ያስቀመጡትን ዳንቴል ይዘው ብቅ ይላሉ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ቀለምና ስለ ጨርቅ ነው። እኛ ግን ቀለም የመጨረሻው ጥያቄ ነው ባዮች ነን። ከእሱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የምንጋረደው ከማን ነው? የምንጋረደውስ ከምን ነው?

መልሱ በአጭሩ ‹‹ከሰው ዐይንና ከፀሐይ›› ነው። የሚገርመው ግን በአገራችን የሁለቱ ታሪክ እኩል ዕድሜ የለውም። ከሰው ዐይን መጋረድን ከነገሥታቱ ድንኳን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረንበታል። የከተማ ቤትን ከፀሐይ መጋረድን ግን የተማርነው ትናንት ነው። ትናንት የተማርነውን ደግሞ ዛሬ እየረሳነው ይመስለናል። የዛሬው ጨዋታችን በዚሁ ላይ ነው።

መስኮት ሳይኖር መጋረጃ

ከአክሱም እንነሳ። የአክሱም ትላልቅ ሐውልቶች በድንጋይ የተቀረጹ ፎቆች ናቸው ማለት ይቻላል። ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመውን 24 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ሐውልት አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ከሥር በር፣ ከበሩ በላይ ደግሞ ደርብ በደርብ የተደረደሩ መስኮቶች አሉት። በሩ አይከፈትም፤ መስኮቶቹም ብርሃን አያስገቡም። ሆኖም ቀራጮቹ መስኮትን ያህል ነገር በድንጋይ ለመድገም መድከማቸው አንድ ነገር ይነግረናል። መስኮት የታላቅ ቤት ምልክት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በላስታ ተራሮች በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶቹ በእንጨትና በድንጋይ ጥልፍልፍ የተሞሉ ናቸው። ጥልፍልፉ ብርሃኑን ይቆራርጠዋል፤ አየሩ ያልፋል፤ ከውጭ ያለ ሰው ግን ውስጡን አጥርቶ ማየት ይቸግረዋል። ዛሬ ከመርካቶ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው ‹‹ብላይንድ›› የሚሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ገበሬው ቤት ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጎጆ መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም ትንሽ ቀዳዳ ናት። ይህ ድንቁርና ሳይሆን ስሌት ነው። ደጋው ይበርዳል፣ መስታወት የለም፣ ክፍት ቀዳዳ ብርድና ዝናብ ከማስገባት በቀር አይጠቅምም። ጭሱ በሣሩ ክዳን መሐል እየሾለከ ይወጣል፤ ብርሃን በበር ይገባል። ስለዚህ በአብዛኛው ሕዝባችን ቤት መጋረጃ የመጣው ከመስኮት በፊት ነው። የተሰቀለውም በቤቱ ውስጥ ነው፤ መኝታውን ከእንግዳው፣ ጓዳውን ከሳሎኑ ሊለይ።

ቃሉን ራሱን እዩት። መጋረጃ የመጣው ‹‹ጋረደ›› ከሚለው ግሥ ነው። ፀሐይ በጨረቃ ስትሸፈን የምንለው ‹‹ግርዶሽ››ም ከዚያው ቤት ነው። ቃላችን ስለ ጨርቅ አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው በአንድ ዐይንና በአንድ ነገር መካከል ስለ መቆም ነው።

ንጉሡ ያያል፣ ንጉሡ አይታይም

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ። ከመካከላቸው አንዱ የነበሩት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያዩትን ጽፈው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ታተመ። መልእክተኞቹ ወደ ንጉሡ ሲጠሩ መጀመሪያ ያገኙት ንጉሡን ሳይሆን መጋረጃ ነበር። ጥያቄው ከመጋረጃው ጀርባ በመልእክተኛ ይመጣል፤ መልሱም በመልእክተኛ ይመለሳል። በኋላ መጋረጃው ተገልጦ ንጉሡን ባዩዋቸው ጊዜ እንኳ ከፊታቸው ላይ ሰማያዊ ሐር ተይዞ አፋቸውንና ጢማቸውን ይሸፍን ነበር፤ አንድ ጊዜ ዝቅ፣ አንድ ጊዜ ከፍ ይላል።

ከ250 ዓመት በኋላ ጎንደር የከረመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ንጉሡ ችሎት ላይ በተጋረደ ሰገነት ውስጥ ተቀምጠው በቀዳዳ በኩል ይናገራሉ። ንግግራቸውን ተቀብሎ ለዳኞቹ የሚያደርሰው ባለሥልጣን ማዕረጉ ‹‹ቃለ ሐፄ›› ይባላል። ስሙ ሁሉንም ይናገራል፤ ቃሉ ይወጣል፣ ፊቱ ይቀራል።

እዚህ ላይ መጋረጃ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሥልጣን ሆነ። ታላቅ ማለት ሳይታይ የሚያይ ነው፤ ታናሽ ማለት ሳያይ የሚታይ ነው። በግብር ጊዜ መኳንንቱ ሲጎርሱና ሲጠጡ አሽከሮች ኩታ ዘርግተው ይጋርዷቸው የነበረውም ከቡዳ ዐይን ለመከለል ነው ይባላል። ግን ያው ልማድ ክብርንም ያሳይ ነበር፤ ለጭሰኛው ማን ኩታ ይዘረጋለት?

ቤተ ክርስቲያንም የራሷ መጋረጃ አላት፤ መቅደሱን ከቅድስቱ የሚለየው። ከጎንደር ዘመን የተረፈ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ቁመቱ አምስት ሜትር ገደማ የሆነ የሐር መጋረጃ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሙዚየሙ የገባው እ.ኤ.አ. በ1868 ማለትም የመቅደላው ዘመቻ በተካሄደበት ዓመት ነው። ቅዱሱን ነገር ከሰው ዐይን ሊከልል የተሸመነ ጨርቅ ራሱ ለተመልካች ተሰቀለ። ከዚህ የበለጠ የተገለበጠ መጋረጃ አናውቅም።

መስታወት በግመል፣ መስታወት በባቡር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የድንኳንና የጎጆ ከተማ ነበረች። መስታወት ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ከጠረፍ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ሳይሰበር ከደረሰ ብቻ የሚገኝ ነገር ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰና መንገዱ አጠረ። ከመስታወቱ ጋር ቆርቆሮው፣ ሚስማሩና ማጠፊያው መጡ። ሕንዳውያን፣ አርመኖችና ግሪኮች ከኢትዮጵያውያን ግንበኞችና አናጢዎች ጋር ሆነው የከተማዋን የመጀመሪያ ትላልቅ ቤቶች ሠሩ።

እነዚህ ቤቶች ፒያሳና አካባቢዋን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደሉም። በ1890ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ጣይቱ ሆቴል፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውና ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚየም የነበረው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ ሌሎችም። የጋራ መልካቸው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁን በረንዳው ነው እንላችኋለን። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፣ በእንጨት ምሰሶ ይደገፋል፣ ከሥሩ ሰው ይቀመጣል። መስኮቱ ከበረንዳው ኋላ ጥላ ውስጥ ነው። የቀትር ፀሐይ መስታወቱን ከመንካቷ በፊት ጣሪያው ላይ ቀርታለች።

ድሬዳዋ የሄዳችሁ ደግሞ ከዚራን አስታውሱ። ከባቡሩ ጋር የተወለደው ያ ሰፈር በረንዳው ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ፣ መስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ያለው ነው። በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ራስን መቀቀል ነው። ከፍቶ መቀመጥም ፀሐይን መጋበዝ ነው። ስለዚህ መሐሉን የሚያውቅ ነገር አስፈለገ፤ ፀሐይን የሚከለክል፣ ነፋስን ግን የሚያሳልፍ።

‹‹ቅናት›› የሚባለው መስኮት

ያ ነገር ዘንበል ብለው የተደረደሩ ስስ ጣውላዎች ያሉት የመስኮት መዝጊያ ነው። ጣልያኖች ‹‹ፐርሲያና›› ይሉታል፤ የፋርስ እንደማለት። ፈረንሳዮችም ወደዚያው ይጠጋሉ። ጣውላዎቹ በገመድ ተያይዘው ወደ ላይ የሚጠቀለለውን ዓይነት ደግሞ ጣልያኖቹ ‹‹ቬኔሲያና›› ይሉታል፤ የቬኒስ ማለታቸው ነው። እንግሊዞችም በቬኒስ ስም ይጠሩታል፤ ኤድዋርድ ቤቫን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1769 እዚያው እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አውጥቶበታል።

ሦስተኛው ስም ግን ከሁሉም ይጣፍጣል። ጣልያኖች ለጥልፍልፍ መስኮት ‹‹ጄሎዚያ›› የሚል ቃል አላቸው፤ ቀጥተኛ ትርጉሙ ቅናት ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ አድርጎ ሩሲያ ድረስ ዘልቋል። ሞስኮና ኪየቭ የተማሩ አጎቶቻችንና አክስቶቻችን የቢሮ መጋረጃን ‹‹ዣሉዚ›› ሲሉ ብትሰሙ፣ ሳያስቡት ‹‹ቅናት›› እያሉ ነው። ስሙ የተሰጠው የቤቱ ሴቶች መንገዱን እንዲያዩ፣ መንገደኛው ግን እነሱን እንዳያይ ስለሚያደርግ ነው ይባላል። የልብነ ድንግል መጋረጃ የታላቅነት ምልክት ነበር፤ ይኸኛው ደግሞ የባል ጥርጣሬ። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ልዩነቱ ገመዱን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ላይ የጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የራሱን ግንባታ ጥሎ አልፏል። ወራሪው ሄደ፤ ሙያው ግን በአናጢው እጅ ቀረ። ከነፃነት በኋላ የተሠሩ ብዙ ቪላዎችና የኪራይ ቤቶች በውጭ በኩል የእንጨት መዝጊያ ነበራቸው። ጠዋት ግራና ቀኝ ይከፈታል፣ ፀሐይ ስትበረታ ገርበብ ይላል፣ ማታ ይቀረቀራል። መጋረጃም ነው፣ ቁልፍም ነው፣ ጥላም ነው። ሦስቱንም የሚሠራው ደግሞ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ነው። ይህችን ‹‹ውጭ›› የምትል ቃል ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ጠባይ

ትንሽ ጂኦግራፊ ታገሡን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል፤ ስለዚህ ፀሐይዋ ቀጥታ ስታገኛችሁ ታቃጥላለች፣ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ግን ብርዱ ይቀበላችኋል። ጃኬት ለብሶ ወጥቶ፣ ጃኬት ይዞ ተመልሶ፣ ቤት ገብቶ ደግሞ ጃኬት መልበስ የእኛ ከተማ ወግ ነው።

ይህ ለቤት ሠሪ የምሥራች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሙቀትን ለማሸነፍ ብዙ ጊዜ ማሽን አያስፈልግም፤ ጥላ ይበቃል። ጥያቄው ጥላው የት ይዋል ነው። በእኛ ኬክሮስ የቀትር ፀሐይ በጣም ከፍ ትላለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። በክረምቱ መግቢያ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያኔም ቢሆን ቀትር ላይ ከፍ እንዳለች ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ለሚያይ መስኮት አጭር የጣሪያ ክፈፍ ብዙውን ሥራ ይሠራል።

ችግሩ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በመስኮት ዘልቃ እስከ ክፍሉ መጨረሻ ትገባለች። እዚያ ክፈፍ አይረዳም። የጠዋቷ ግን እንደ ጠላት አትታይ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ያደረበት ክፍል ጠዋት ላይ ፀሐይ ሲያገኝ እንደ በረከት ነው። ከባዷ የከሰዓቷ ናት። ቀኑን ሙሉ የሞቀ ቤት ላይ ትጨምራለች፣ ቴሌቪዥኑን ታደበዝዛለች፣ ሶፋውን ታነጣለች። ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ያላችሁ ሁሉ አሁን ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ እንደሆነ ይገባናል።

ፓሪስ ላይ የተማረው አርክቴክት

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ስም ካላቸው አርክቴክቶች አንዱ የሆነው ሌ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1933 ፓሪስ ውስጥ ለሳልቬሽን አርሚ የበጎ አድራጎት ድርጅት የመጠለያ ሕንፃ አስመረቀ። የደቡብ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነበር፤ መስኮቶቹም አይከፈቱም። አየሩን በማሽን እናስተካክላለን ተብሎ ነበር፤ ይሁንና ለማቀዝቀዣው ገንዘብ አልበቃም። በጋ ሲመጣ ሕንፃው ምድጃ ሆነ። መጠለያ የሚያድሩት ድሆች በመስታወት ውስጥ ተቀቀሉ። በኋላ መስኮቶቹ እንዲከፈቱ ተደረገ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በፊቱ ላይ የኮንክሪት ፀሐይ መከላከያ ተጨመረለት።

ኮርቡዚዬ ከዚህ በኋላ ‹‹ብሪዝ ሶሌይ›› ማለትም ፀሐይ ሰባሪ የሚባለውን ነገር ሰባኪ ሆነ። እሱ በአማካሪነት የተካፈለበት፣ ሉሲዮ ኮስታና ኦስካር ኒማየር የነበሩበት ቡድን የነደፈው የሪዮ ዴ ጄኔሮ የትምህርትና የጤና ሚኒስቴር ሕንፃ ፀሐይ በምታገኘው ፊቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ሰፋፊ ርብራቦች ተገጥመውለታል። ፐርሲያና አደገና የሕንፃ ፊት ሆነ ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አበባም ደርሷል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከተማዋ የአፍሪካ መዲና ለመሆን ስትሽቀዳደም አርቱሮ ሜዜዲሚ፣ አንሪ ሾሜት፣ ዛልማን ኤናቭና ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ የመሳሰሉ አርክቴክቶች ሥራ በዝቶላቸው ነበር። የዚያን ዘመን ሕንፃዎች ከታክሲ መስኮት ቀና ብላችሁ ብታዩ ብዙዎቹ ፊታቸው ለስላሳ አይደለም። ወደ ውስጥ የገባ መስኮት፣ ወጣ ያለ የኮንክሪት ክንፍ፣ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት፣ ጥልቅ በረንዳ ታያላችሁ። ጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን ጥላ መጣል ነው።

በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳየናል። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። መስኮት ነው፤ ነገር ግን ውጭውን አያሳያችሁም። መጋረጃ ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑን አይከለክልም። ፀሐይን በቀለም አጣርቶ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርክባታል። እንዲህ ያለ መጋረጃ ለኮንዶሚኒየማችን አንመኝም፤ ግን ፀሐይ በጠላትነት ብቻ ሳይሆን በሠራተኛነትም ልትቀጠር እንደምትችል ምስክር ነው።

መጋረጃው እጅ ሲቀይር

በዚህ መሐል የሰው ዐይን ታሪክ አልቆመም። ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ፤ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር መጣ። ማታ መጋረጃ ስቦ፣ ድምፅ ቀንሶ፣ ጆሮን ሬዲዮ ላይ ለጥፎ የውጭ ጣቢያ መስማት የዚያ ትውልድ የጋራ ትዝታ ነው። ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ብዙዎች ‹‹መጋረጃው በደንብ ተዘግቷል?›› የሚለውን ጥያቄ የሚያስታውሱት ከፍርሃት ጋር ነው።

ታሪኩን እዩት እንግዲህ። በልብነ ድንግል ዘመን ከመጋረጃ ጀርባ የተቀመጠው ገዢው ነበር። አሁን ከመጋረጃ ጀርባ የተደበቀው ተገዢው ሆነ። ያኔ መጋረጃ የክብር ዕቃ ነበር፤ አሁን የመትረፍ ዕቃ ሆነ። አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ከቤተ መንግሥት ወደ ቀበሌ ቤት የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው።

ሰማያዊው ዘመን

ከ1990ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባ ሌላ ፊት አወጣች፤ መስታወት። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ነሐስ መሳይ። ባለ ሕንፃው ዘመናዊነቱን የሚያሳየው ፊቱን ከላይ እስከ ታች በመስታወት በማልበስ ሆነ። ክፈፍ የለም፣ ክንፍ የለም፣ በረንዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፓሪስ ላይ የተፈተነውንና የወደቀውን ነገር እኛ እንደ አዲስ ተቀበልነው።

ከዚያስ? ሠራተኛው ጠዋት ይገባል፣ ፀሐይ ኮምፒውተሩ ላይ ታርፋለች፣ ከውስጥ በኩል ቁመቱን የተንጠለጠለ የፕላስቲክ መጋረጃ ይሳባል። ከሰዓት ክፍሉ ይግላል፣ ማሽኑ ይበራል። መጋረጃው ስለተሳበም ጨለማ ነውና በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራል። ለፀሐይ የተከፈተ ሕንፃ ሠርተን፣ ፀሐይን በጨርቅ ዘግተን፣ በአምፖል ቀን እንፈጥራለን።

‹‹ውጭ›› የምትለዋን ቃል ያዙልን ያልናችሁ ለዚህ ነበር። የፀሐይ ብርሃን መስታወትን በቀላሉ ያልፋል። ውስጥ ያለ መጋረጃ ላይ ሲያርፍ መጋረጃውን ያሞቀዋል። የሞቀ መጋረጃ የሚለቀውን ሙቀት ግን መስታወቱ መልሶ አያስወጣም፤ ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የውስጥ መጋረጃ ዐይናችሁን ከጨረር ያድናል እንጂ ክፍሉን ከሙቀት ብዙም አያድንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በረንዳው፣ ፐርሲያናው፣ የኮንክሪት ክንፉ ግን ጨረሩን መስታወቱ ጋ ሳይደርስ ያስቀሩታል። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቤታቸው ከውጭ በኩል የሚጠቀለለውን ‹‹ትሪስ›› ያውቁታል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ከዚህ ጋር ሌላም ነገር ተቀየረ። ድሮ ጥላ የመጣል ኃላፊነት የሠሪው ነበር። ጣሪያውን ያስረዘመው፣ መዝጊያውን የገጠመው፣ ክንፉን ያቆመው እሱ ነው፤ ወጪውም የእሱ ነው። አሁን ሠሪው መስታወት ገጥሞ ይሄዳል። ፀሐይዋን የሚረከበው ተከራዩ ነው፤ መጋረጃው፣ ማሽኑና የመብራት ሒሳቡ የእሱ ሆነ። ይህ የፋሽን ለውጥ ብቻ አይመስለንም፤ ወጪን ከጠንካራ ወደ ደካማ ማሻገር ነው።

የጎረቤት ዐይን

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ ሁለቱን ታሪኮች አንድ ክፍል ውስጥ አገናኟቸው። አንዱ ብሎክ ከሌላው ፊት ለፊት ነው። የሦስተኛ ፎቅ ሳሎን የሌላውን ሦስተኛ ፎቅ መኝታ ቤት ያያል። ምን እንደበላችሁ፣ ማን እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ የሚያውቅ የማታውቁት ሰው አለ። (እናንተም ስለ እሱ ታውቃላችሁ፤ አትዋሹ።) በዚያው ላይ ብሎኩ የቆመው መሬቱ እንዳመቸ ነውና የምዕራብ ፀሐይ የደረሰው ይደርሰዋል፤ የዕጣ ነገር ነው። ለዚህ ነው ቤት የደረሰው ሁሉ ከአልጋ በፊት መጋረጃ የሚገዛው። ገንዘቡ ያልደረሰው ለጊዜው ጋዜጣ ይለጥፋል። ጋዜጣ ታትሞ እንደ ልብ ይገኝ በነበረበት ዘመን ይህም አንድ አገልግሎቱ ነበር።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ታሪኩን ይዘን ወደ ሱቅ እንሂድ። በመጀመሪያ ኮምፓስ አውጡ፤ ስልካችሁ ውስጥ አለ። መስኮቱ ወዴት ያያል? ሰሜንና ደቡብ ከሆነ ተደስታችሁ ስስ መጋረጃ ስቀሉ። ፀሐይ ከላይ ስለምትመጣ አግድም የተደረደረ ብላይንድም ይበቃል። ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ከሆነ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ቁመቱን የሚወርድና የሚዞር ርብራብ ይሻላል፤ አለዚያም ድርብ መጋረጃ።

ቀጥሎ ሰዓቱን ጠይቁ። የምትጋረዱት ቀን ነው ማታ? ስስ መጋረጃም ሆነ አንጸባራቂ መስታወት ቀን ከውጭ አያሳይም፤ ምክንያቱም ውጭው ከውስጥ ይደምቃል። ማታ መብራት ስታበሩ ነገሩ ይገለበጣል፤ እናንተ መድረክ ላይ ናችሁ፣ ሰፈሩ ተመልካች ነው። ስለዚህ ስሱ ለቀን፣ ወፍራሙ ለማታ ሁለቱም አብረው ይሰቀሉ። እናቶቻችን ከዳንቴሉ ኋላ ወፍራም ጨርቅ የሚጨምሩት ያለ ነገር አይደለም።

ሙቀት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ወደ መስታወቱ የሚዞረው ፊት ነጣ ያለ ይሁን፤ ነጭ ከጨረሩ ከፊሉን መልሶ ወደ ውጭ ይልካል፣ ጥቁር ግን ሁሉንም ይጠጣል። በረንዳ ካላችሁ ከሁሉም በፊት በረንዳውን አስቡ። ሸራም ይሁን፣ የቀርከሃ ጥቅልም ይሁን፣ ሐረግም ይሁን ከመስታወቱ ውጭ የዋለ ማንኛውም ጥላ ውስጥ ካለው ውድ ጨርቅ ይበልጣል። የግቢ ቤት ያላችሁ በምዕራብ በኩል ዛፍ ትከሉ፤ ከዛፍ የሚሻል ፐርሲያና እስካሁን አልተሠራም።

ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ የብላይንዱን ገመድ ተጠንቀቁ። ቀለበት ሠርቶ የተንጠለጠለ ገመድ ሕፃናትን አንቆ ስለሚገድል አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ተዘጋጅተው ለሚሸጡ ብላይንዶች ገመድ አልባነትን ወይም ልጅ የማይደርስበት ገመድን የሚጠይቅ ደረጃ ወጥቷል። እኛ ጋ ገመዱን ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ ማሰር፣ የሕፃን አልጋንም ከመስኮት ማራቅ ነገ የማይባል ሥራ ነው። ቀለምን? ቀለሙን እንደ ወደዳችሁ። አልን እኮ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

የፈረሰው ጥላ

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ በርካታ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለ ትዝታው፣ ስለ ኬክ ቤቱና ስለ ወርቅ ቤቱ ብዙ ተብሏል። እኛ አንድ ያልተባለ እንጨምር። ከእነዚያ ቤቶች ጋር የሄደው ሰገነትና ግንብ ብቻ አይደለም፤ የዚህችን ከተማ ፀሐይ ጠባይ የሚያውቅ ሙያም ነው። የትኛው መስኮት ክፈፍ እንደሚያሻው፣ መዝጊያው በስንት ሰዓት ገርበብ እንደሚል፣ በረንዳ ምን ያህል እንደሚሰፋ። ይህ በመጽሐፍ ሳይሆን በእንጨት ላይ የተጻፈ ዕውቀት ነበር። እንጨቱ ሲነሳ ገጹ ተቀደደ።

ከተማ ይታደሳል፤ እኛም ፍሳሽ ያጣ የተጣበበ ቤት ውስጥ ኑሩ አንልም። ግን አዲሱ ሕንፃ ከአሮጌው ቤት አንድ ነገር መማር ይችላል፤ ጥላ ከመስታወቱ በፊት ይቀድማል። ይህን የሚጠይቅ ገዢና ተከራይ ሲበዛ የሚሠራ ሠሪም ይገኛል። ቤት ልታዩ ስትሄዱ ደላላው ስለ ሴራሚኩና ስለ ሊፍቱ ይነግራችኋል። እናንተ ‹‹ሳሎኑ ወዴት ነው የሚያየው? ከሰዓት ፀሐይ የምታርፈው የት ላይ ነው?›› ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። አሥረኛው ሰው ሲጠይቀው ግን መልሱን አጥንቶ ይመጣል።

የነገሥታቱ መጋረጃ ዛሬ በእያንዳንዳችን እጅ ነው፤ ማን እንዲያየን፣ ማን እንዳያየን የምንወስነው እኛ ነን። ይህ ትንሽ ድል አይደለም። ፀሐይን በተመለከተ ግን ገመዱ አሁንም በሠሪው እጅ ነው። ከእሱ እጅ የሚወጣው በመጠየቅ ነው።